የጁኒየሩ አብዱልባሲጥ ሽምግልና

ደሴ ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። አብዱልባሲጥ ሱሌማን የሚባል፣ በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርዶ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው አለ። ይህ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ራሱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የሐጂ ኢስሐቅን ልጅ ዚክራን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ሐጂ ጉዱን ደርሰውበት «ሂድና መጀመሪያ ስምንተኛን ጨርስ» ብለው መልሰውታል። እሱም በብስጭት የኮሌጁ ታፔላ ላይ ወጥቶ አንዲት ቃል በቤንዚን ፍቆ አጥፍቷል። አሁን ሰባተኛ ክፍል የማታ ተመዝግቧል። ዚክራ ደግሞ ለአንድ አዳማ ለሚኖር መኪና አስመጪ ልትዳር ነው።

ይህ እንግዲህ ወሬው ከሸዋ በር ሲነሳ ነው። ፒያሳ ሲደርስ ስምንተኛው ወደ ስድስተኛ ወርዷል። ሆጤ ላይ ሰውየው ደመወዙን የሚቀበለው በጣት አሻራ ነው። ሮቢት ሲገባ ጭራሽ ማንበብ ስለማይችል ተማሪዎቹ ያነቡለታል፣ እሱ «ጎበዝ» ይላቸዋል። ወሬው አቅም አግኝቶ የጦሳን ተራራ ቢወጣ ኖሮ አብዱልባሲጥ ሳይወለድ ይቀር ነበር።

ለማመን የሚያስቸግረው ግን ብዙ ነው። ሰባተኛ ክፍልን በማታ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ታፔላውም ያለው ከሕንፃው ጫፍ ላይ ነው፤ አብዱልባሲጥ በበኩሉ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ የሚወጣው ሰው ጠርቶ፣ ወንበሩን አስይዞ፣ ለቤተሰቡ ኑዛዜ የሚመስል ነገር ተናግሮ ነው። የአዳማውን መኪና አስመጪ በተመለከተ፣ ደሴ ውስጥ ጋብቻ በፈረሰ ቁጥር ስሙ የሚነሳው እሱው ነው። የተባሉትን ሁሉ አግብቶ ቢሆን ሰውየው ራሱን የቻለ ወረዳ ይሆን ነበር።

አብዱልባሲጥ የተወለደው ብትን ጨርቅ ከሚሸጥ ቤት ነው። ቅድመ አያቱ ከየመን ለንግድ የመጡ ሰው ነበሩ። ደሴ ሲደርሱ «ብርዱ እስኪያልፍ» ብለው ተቀመጡ፤ የደሴ ብርድ ደግሞ እስካሁን አላለፈም። ከእሳቸው ጀምሮ በዚያ ቤት የተወለደ ወንድ ሁሉ ሜትር ይዞ ባንኮኒ ጀርባ ይቆማል። አብዱልባሲጥም ቆሞ ነበር። ችግሩ ደንበኛ «ይኼ ጨርቅ ስንት ነው?» ሲለው፣ እሱ ጨርቁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ይኼን የሠራው ማሽን እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ደንበኛውን መልሶ ይጠይቅ ነበር። ይህ አመል እንዲተወው ዱዓ ተደርጎለታል። አልተወውም። አንድ ክረምት የእናቱን ሲንጀር ፈታታው፤ እግዜር ይስጠው፣ መልሶም ገጠመው። ማሽኑ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ብቻ መስፋት ጀመረ። እናቱ ባህሪያቸው ለስላሳ ስለሆነ ወደ ኋላ እየሰፉ ቤተሰቡን አለበሱ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተን የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ ከእሱ ውጤት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሞ አገኘው። የሠፈሩ ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሆኖ ገባ።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «አላህ ሌላ በር ይከፍታል።»

«ተከፍቷል» አለ አብዱልባሲጥ። «ኮሌጅ ልገባ ነው።»

ይኼኔ ለቅሶው በረታ። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ለገባ ይደገሳል፣ ኮሌጅ የገባ ይጽናናል። ከዓመታት በኋላ ነገሩ መልኩን ቢለውጥም ለድግሱ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ ከፒያሳ ሸዋ በር ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩ ዲግሪ እንዳለው መጠየቅ ነውር ነው፤ በምን እንደሆነ መጠየቅ ግን ይፈቀዳል።

የገባበት ኮሌጅ ሙሉ ስሙ «ብራ ጮራ የቴክኖሎጂና የንግድ ሥራ ጁኒየር ኮሌጅ» ነው። ስሙ ከግቢው ይረዝማል። ባለቤቱ «ጁኒየር» የምትለዋን ቃል ከውጭ አገር ከመጣ ዘመዱ ሰምቶ ስለወደዳት ነው የጨመራት ይባላል። ይህን ስም በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ሁሉም እንደሚመቸው ቆርጦ ይወስዳል። የሚኒባስ ረዳት «ብራ ጋ ወራጅ» ይላል። የባጃጅ ሹፌር «ጮራ» ይበቃዋል። የተማሪ ወላጅ «ኮሌጅ» የምትለዋን ይዞ ይሄዳል። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ አቆራረጥ ነው።

አብዱልባሲጥ እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ጥገና ተማረ፤ ከደረጃ አንድ ጀምሮ ደረጃ አራት ድረስ እየተመዘነ ወጣ። ጥቂት ዓመት ፋብሪካ ሠራ። ከዚያ ያው ኮሌጅ መልሶ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረው። አሁን ጠዋት ጠዋት በጃኬት ከደሴ ይነሳል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሸሚዙን እጅጌ ይሰበስባል። ማሽን ሲሰማ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ካፌ ገብቶ የማኪያቶ ማሽኑ ላይ ጆሮውን ሲለጥፍ አስተናጋጇ «ሰውየው ከማሽኑ ጋር ዝምድና አለው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች።

ዚክራንም ያገኛት በዚሁ ጆሮው ነው። ዚክራ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ እሷም በየቀኑ ከደሴ ትወርዳለች። አንድ ቀን ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ ሞቆ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያማርር አብዱልባሲጥ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ማዳመጥ ጀመረ።

«ምን ይላል?» አለችው ዚክራ።

«ሊነግረኝ አልፈለገም።»

«አንተን ነው ወይስ ሁላችንንም ነው የተቀየመው?»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ በተበላሸ ቁጥር ሁለት ተሳፋሪዎች ደስ ይላቸው ነበር። ነገሩ ሲጠና አብዱልባሲጥ ሽማግሌ ላከ። ዚክራም «አባቴ እምቢ ካሉ ከቤት ወጥቼ አላገባህም፤ ሌላም አላገባም» አለችው። እንግዲህ ሁሉም ነገር በሐጂ ኢስሐቅ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ሽምግልናውን ያጫወቱኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረተኛው መምህር በላቸው ናቸው። ሌላኛው ሽማግሌ የአብዱልባሲጥ አጎት ጋሽ ዑዘይር ነበሩ። ጋሽ ዑዘይር የፈረንጅ ቃል ነገርን ያስከብራል ብለው ያምናሉ፤ ግራ ጆሯቸው ደግሞ ከባድ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሰው ላይ ባይገናኙ መልካም ነበር።

ዱዓ ተደረገ። ሻይና ሳንቡሳ ቀረበ። ጋሽ ዑዘይር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ጁኒየር ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ጁኒየር ተማረ፤ ዛሬ እዚያው ጁኒየር ያስተምራል።»

ሐጂ ኢስሐቅ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ጁኒየር?»

«ጁኒየር!»

«ሰባተኛና ስምንተኛ?»

«አዎን፣ ማሻአላህ፣ ኮምቦልቻ» አሉ ጋሽ ዑዘይር፣ በግራ ጆሯቸው ሰምተው።

እዚህ ላይ ለወጣት አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። በሐጂ ኢስሐቅ የተማሪነት ዘመን «ጁኒየር» ማለት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነበር። ስምንተኛ ላይ ሚኒስትሪ የሚባል ፈተና አለ። ሐጂ ሚኒስትሪን ተፈትነው ወደቁ። ደግመው ተፈትነው ወደቁ። ሦስተኛ ሲጠሩ «አልመጣም» ብለው ሱቅ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ሕንፃ ሆኗል፣ ሕንፃው ሌላ ሕንፃ ወልዷል። ሆኖም «ጁኒየር» ሲባል ዛሬም ወሬ ይለውጣሉ። ያኔ ጁኒየር ሒሳብ ያስተማሯቸው ደግሞ አሁን ሳንቡሳ ይዘው ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት መምህር በላቸው ናቸው።

«መምህር፣ አንቱ ይፍረዱ» አሉ ሐጂ። «እኔ ጁኒየር ወድቄ ይህን ሁሉ ከሠራሁ፣ ጁኒየር አልፎ እዚያው የቀረ ሰው ምን ይባላል?»

«ሐጂ፣ ይኼኛው ጁኒየር ሌላ ይመስለኛል» አሉ በላቸው። «ከፍ ያለ ነው።»

«ከፍ ካለ ለምን ጁኒየር ይባላል? እሺ ይሁን፣ ጁኒየሩ ይኼ ነው። ሲኒየሩ የት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሲኒየሩ የት እንደሆነ አስቦ የመጣ አልነበረም።

«ሲኒየሩም... ይኖራል፣ ኢንሻአላህ» አሉ ጋሽ ዑዘይር።

«እንግዲያው ልጁ ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ» አሉ ሐጂ። ሽማግሌ ተልኮ ሙሽራው ራሱ ለፈተና ሲጠራ ደሴ ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከቀጠሮው በፊት ጋሽ ዑዘይር የወንድማቸውን ልጅ ለብቻው ይዘው መከሩት።

«ስማ፣ ኮምቦልቻ ዩኒቨርሲቲም አለ አይደል?»

«አለ።»

«በበሩ አታልፍም?»

«በየቀኑ አልፋለሁ።»

«በቃ! ዩኒቨርሲቲ አልፌአለሁ ብለህ ንገራቸው። ወላሂ ብለህ ብትምል እንኳ ውሸት የለበትም።»

«ካገባሁ በኋላስ፣ አጎቴ? ዕድሜ ልኬን ሳልፍ ልኖር ነው?»

ጋሽ ዑዘይር ተቀየሙ። አብዱልባሲጥ እውነቱን ለመናገር ወሰነ። እውነቱን ብቻ ተናግሮ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን አስተማሪ ስለሆነ ተዘጋጅቶ ሄደ። ጁኒየር ኮሌጅ በዓለም ዙሪያ ምን እንደሆነ ሲያነብ ሰነበተ።

«ሐጂ፣ ጁኒየር ኮሌጅ በየአገሩ አለ» ብሎ ጀመረ በሁለተኛው ቀጠሮ። «እንደየአገሩ ይለያያል እንጂ።»

«እስቲ።»

«አሜሪካ ሁለት ዓመት ይማሩበታል። ከዚያ የፈለገ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከሦስተኛ ዓመት ይቀጥላል። ክፍያውም ስለሚቀንስ ሥራ ያለውም፣ ልጅ የሚያሳድግም ይማርበታል።»

«ዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት ነው?»

«አራት ነው።»

«ግማሽ ነው ማለት ነው። ቀጥል።»

«ህንድ አገር ሙምባይ አካባቢ አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጁኒየር ኮሌጅ ይሉታል። ሲንጋፖርም ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ማዘጋጃ ነው።»

«ጃፓንስ?» አሉ ሐጂ። ቶዮታ ስላላቸው ጃፓንን ያምናሉ።

አብዱልባሲጥ እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። «ጃፓንም አለ» አለ። «ሁለት ዓመት ነው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።»

ጋሽ ዑዘይር ይህን በደህናው ጆሯቸው ሰምተው ሳል ያዛቸው። መምህር በላቸው ጣሪያውን አዩ።

ሐጂ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ልድገመው። አሜሪካ ብትሄድ ግማሽ ነህ። ህንድ ብትሄድ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነህ። ጃፓን ብትሄድ ሴት ነህ። ኮምቦልቻስ ምንድን ነህ?»

«ኮምቦልቻ ደረጃ አራት ነኝ።»

የሐጂ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ። «አራተኛ? ከስንት ተማሪ?»

«ከተማሪ አይደለም ሐጂ፣ ደረጃው ነው አራት...»

«ገባኝ እኮ፣ ደረጃ! ካርድ ላይ ይጻፍ የለ? አራተኛ መጥፎ አይደለም፣ ማሻአላህ። አንደኛ የወጣው ልጅ አግብቷል?»

«ሐጂ፣ ደረጃ አንድ ማለት ጀማሪው ነው። ገና ብሎን መፍታት የሚማረው።»

«አንደኛ የወጣውን ልጅ ብሎን ታስፈቱታላችሁ?»

«አይደለም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነው ሰው ከፍ የሚለው።»

ሐጂ ይህን ረጋ ብለው አሰቡበት። ከዚያ ወደ አሮጌው መምህራቸው ዞሩ። «መምህር፣ ስምንተኛ ላይ ስንተኛ ወጥቼ ነበር?»

«ሃምሳ ዘጠነኛ» አሉ በላቸው ሳያስቡ።

«ይህ አቆጣጠር በእኔ ጊዜ ቢኖር እኔ የት በደረስኩ!»

ማንም አልሳቀም፤ ሐጂም እየቀለዱ አልነበረም። ተነሱ። «ልጄ፣ አንተ ሰው አትጠላም። ግን እኔ ልጅ ያሳደግሁት ኮሌጅ አስተምሬ ነው። ኮሌጅ! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የኮሌጅ ምሩቅ ለጁኒየር ሰጠሁ ብዬ የት እወጣለሁ? እዩዋት፣ ያቻትና!»

ግድግዳው ላይ በር የሚያክል ፎቶ ተሰቅሏል። ዚክራ ጋውንና ቆብ አድርጋ፣ አበባ ታቅፋ፣ የኮሌጁ ባነር ፊት ቆማለች። መምህር በላቸው የተጻፈ ነገር ሳያነቡ ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

«ብራ ጮራ... የቴክኖሎጂና የንግድ ሥራ...» ቆም አሉ። «ቆብ... ኮሌጅ።»

«ቆብ ኮሌጅ?» አሉ ጋሽ ዑዘይር።

«እዚህ መሀል የልጅቷ ቆብ ገባ። ከኋላው አንዲት ቃል ተሸፍናለች። ምን ይሆን የሚለው?»

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳ፣ የዚክራ ድምፅ መጣ።

«ጁኒየር ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሐጂ።

«ጋሽ በላቸው ጠየቁ፣ አባ።»

«ምን እያልሽ ነው?»

«እሱ የሚያስተምረው እኔ በተማርኩበት ግቢ ነው። ስሙ ረጅም ነው። አንቱ ጁኒየሩን ትተው ኮሌጁን ያዙ፤ አጎቱ ደግሞ ኮሌጁን ትተው ጁኒየሩን ያዙ። ቤቱ አንድ ነው።»

ሐጂ ፎቶውን አዩ። አብዱልባሲጥን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ።

«አንቺም ደረጃ አራት ነሽ?»

«ደረጃ አራት ነኝ፣ አባ።»

ሐጂ ኢስሐቅ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ራሴን አሞኛል» አሉ። «መልሱን እልካለሁ።»

መምህር በላቸው የሚያውቁት እስከዚህ ነው። በማግስቱ ልጃቸውን ለመጠየቅ ቢስቲማ ሄደው ሰነበቱ። ጋሽ ዑዘይር ተቀይመው ስለነበር ለማንም አይናገሩም። የሐጂ ጎረቤቶች በአጥር በኩል የሰሙት «ጁኒየር»፣ «ስምንተኛ» እና «ቆብ» የሚሉ ቃላትን ብቻ ነው። ደሴ ደግሞ ያላለቀ ታሪክ አይታ ዝም ማለት አልለመደባትም። ቤንዚኑንም፣ የማታ ትምህርቱንም፣ የአዳማውንም ሰውዬ ከራሷ ጨምራ ጨረሰችው።

እኔም ካፌ ተቀምጦ መገመት ስለሰለቸኝ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። አብዱልባሲጥን ያገኘሁት ወርክሾፑ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ከበውት አንድ የሽመና ማሽን ላይ ጆሮውን ለጥፎ ነበር። ቀና ሲል ወሬውን ከሸዋ በር ጀምሬ እስከ ሮቢት ነገርኩት። ስጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ስምንተኛን ጨርሻለሁ» አለ። «አስራ ሁለተኛንም ጨርሻለሁ። ሰባተኛ አልተመዘገብኩም። ደመወዜ በባንክ ነው የሚገባው። ታፔላ ላይ አልወጣሁም፤ ቃሏም እዚያው አለች፣ ውጣና እያት። ሐጂ አልመለሱኝም። እኔን ስምንተኛ ካሉኝ ልጃቸውንም ስምንተኛ ማለታቸው ስለሆነ ሊመልሱኝ አይችሉም ነበር። የአዳማውን ሰው አላውቀውም፤ እሷም አታውቀውም። ኒካ ካሰርን ከርመናል፤ ድግስ ያልነበረው ሐጂ ሰው «ሙሽራው የት ተማረ?» ብሎ እንዳይጠይቃቸው ብለው ነው። ዚክራ ሚስቴ ናት፤ አሁን ሥራ ላይ ናት፣ ማታ ወደ ደሴ አብረን ነው የምንወጣው።»

«ታዲያ ማስተማርህንና ሽማግሌ መላክህን ትተን፣ ከወሬው ውስጥ እውነቱ የቱ ነው?»

«አንዱም አይደለም» አለና ጆሮውን ወደ ማሽኑ መለሰ።